አምስተኛው ጣሳ

ሰባት ጣሳ እሸት ቡና። ነገሩ ሁሉ የተነሣው በሰባት ጣሳ እሸት ቡና ነው። ቁጥሩን ከወዲሁ የነገርኳችሁ እንድትይዙት ነው፤ መጨረሻ ላይ ተመልሰን እንቆጥረዋለን።

ልጅቷ ፀደንያ ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ ነው። ቤታቸው ሚዛን ተፈሪ ከገበያው በላይ፣ ዝናብ ሲጥል ባጃጆች ተሳፋሪ አውርደው የሚመለሱበት ዳገት ላይ ነው። አባቷ አቶ ይትባረክ የሰፈሩ እድር ሒሳብ ያዥ ናቸው። በጓሯቸው ካሉት የቡና ዛፎች አንዱ የፀደንያ ነው። በየዓመቱ እሷው ትለቅመዋለች፣ እሷው ታደርቀዋለች፣ ሲሸጥም የገና ልብስ ይገዛላታል። ዘንድሮ ዛፏ ብዙ አልያዘም። ይህንንም ያዙልኝ።

ፀደንያ ጎበዝ ናት። ሰንበት ትምህርት የጀመረችው በሦስት ዓመቷ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ የቀረችው አራት እሑድ ብቻ ነው፤ እሱንም ኩፍኝ ወጥቶባት። ይህን የማውቀው መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው። ለማታውቁኝ ልጆች፣ ጋሽ ተረፈ እባላለሁ። ከሸዋ ቤንች እስከ ሚዛን ቡና በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ንግድ የጀመርኩት። ሳልቆጥር የሰጠሁት፣ ሳልቆጥር የተቀበልኩት ነገር አልነበረም። በክፍላችን ግድግዳ ላይም ሰሌዳ ሰቅዬ ነበር። ጥቅስ በቃሉ ላጠና ልጅ አንድ ኮከብ እለጥፋለሁ። ከኮከቦቹ ግማሹ የፀደንያ ነበሩ።

በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ፣ ከገና በፊት ባለው እሑድ፣ አዲስ የመጡ ልጆች በጉባኤው ፊት ቆመው ሰባት ጥያቄ ይጠየቃሉ። ማን ፈጠረን? ኃጢአት ምንድን ነው? ኢየሱስ ማን ነው? ለምን ሞተ? በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ? ዛሬ ማን ይረዳናል? ሰው የሚድነው በምንድን ነው? የመለሰ ልጅ ይጸለይለታል፤ ለገናም ከሌሎቹ ጋር ይዘምራል።

ዘንድሮ ከመጡት አንዷ ወለላ ናት። ዐሥር ዓመቷ ነው። ከሸኮ በኩል ከእናቷ ጋር ለለቀማ መጥተው፣ ከታች ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ቀሩ። እናቷ ገና ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። ወለላን ያመጣቻት የመዝሙሩ ድምፅ ነው። አማርኛዋ ገና እየተስተካከለ ስለነበር ሁለት ልጆች ሲስቁባት ይዤ ገሥጫለሁ። ጫማዋ ተሰንጥቆ ጭቃ ይገባበታል። ስለዚህ ቦት ጫማ ልትገዛ ቃርሚያ ትለቅም ነበር። ቃርሚያ ለማታውቁ፣ ለቃሚዎቹ ጨርሰው ሲሄዱ ከቅጠል ሥር የቀረው ፍሬ ነው። እሱ ላገኘው ሰው ነው የሚሆነው፤ ባለ ማሳው አይከለክልም።

ወለላን የሚያስጠናት ሰው ያስፈልግ ነበር። ፀደንያን መደብኩ። የተሻለ ልጅ የለኝም ብዬ ነው።

አሁን የእድሩን ነገር ስሙ። በዚያ ሰሞን እድሩ የተሰበሰበው በእነ ፀደንያ ግቢ ነበር። አንድ አዲስ ጎረቤት ልግባ ብሎ መጣ። መግቢያው ሲነገረው በዛብኝ አለ።

አቶ ይትባረክ መዝገባቸውን ዘግተው፣ «ወንድሜ፣ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚውን እኛ ዘጠኝ ዓመት አዋጥተን ገዛን። አንተ ዛሬ መጥተህ እኩል ልትቀመጥበት ነው?» አሉት።

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬውም ከፈለ። ፀደንያ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ነገሩ ትክክል መሰላት። ለእድር ትክክል ነው፤ እኔም ነቅንቄያለሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሁለቱ ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አቮካዶው ሥር ተቀመጡ።

«ወለላ፣ መግቢያ ከፍለሻል?» አለች ፀደንያ።

«የምን መግቢያ?»

«የመግቢያ ነዋ። እኛ ስምንት ዓመት ስንመላለስ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ሸኮ።»

«አየሽ? እኛ እዚህ ነበርን። አሁን መጥተሽ እኩል ልትዘምሪ ነው?»

ወለላ አሰበች። «ስንት ነው?»

«አንድ ጥያቄ አንድ ጣሳ እሸት። ሰባት ጥያቄ ሰባት ጣሳ።»

«ጋሽ ተረፈ ያውቃሉ?»

«ጋሽ ተረፈ የማይቆጥሩት ነገር አለ እንዴ?»

ልጆች፣ ይህችን መልስ ልብ በሏት። ያውቃሉ አላለችም። አያውቁም አላለችም። ወለላ ግን ሰባቱን ጣሳ የጠየቅኋት እኔ መሰልኳት። ከዚያም አልፋ፣ የጠየቃት እግዚአብሔር መሰላት። እንዲህ ያለውን ነገር ብልጠት የሚል ሰው ቢመጣብኝ አልታገሠውም።

ወለላ ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ትለቅም ጀመር። አንድ ጣሳ ለመሙላት ሁለት ቀን ይፈጅባታል። ጣሳው የዱቄት ወተት ትልቁ ጣሳ ነው። የመጀመሪያውን እስከ አፉ ሞልታ አመጣች። ፀደንያ ጣሳውን ከመሬት ጋር ሦስት ጊዜ አጋጨችው። ፍሬው ወረደ።

«አልሞላም» አለች። «ሙዪው።»

ይህን አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ ገዢዎች እንዲህ አድርገው ስንት ጣሳ ቡና በልተውብኛል። ያን ጊዜ ያበደ ሰው ያህል ተናድጄ ነበር። እነሱ ግን ቢያንስ ቡና ነው እንጂ የእግዚአብሔርን ስም አልሰፈሩም።

በመጀመሪያው ጣሳ ፀደንያ፣ «እግዚአብሔር ፈጠረን፣ ይወደናልም» አለቻት። በሁለተኛው፣ «ኃጢአት የእሱን ትቶ በራስ መንገድ መሄድ ነው፤ ሁላችንም ሄደናል» አለቻት። በሦስተኛው፣ «ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ ነው፤ ሰው ሆኖ መጣ፣ በሽተኞችን ፈወሰ፣ ድሆችን ወደደ» አለቻት። በአራተኛው፣ «ስለ እኛ ኃጢአት በመስቀል ላይ ሞተ» አለቻት። መልሶቹ አንድም ስሕተት የለባቸውም። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ከዚያስ?» አለች ወለላ። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል።

«ከዚያ አምስተኛው ነው። ጣሳሽን ይዘሽ ነይ።»

በዚያ ሳምንት ግን ለቀማው አለቀ። ዝናቡ የቀረውን ፍሬ በጭቃ ቀበረው። ወለላ ሦስት ቀን ፈልጋ ያገኘችው ግማሽ ጣሳ ነው። እሱኑ ይዛ መጣች።

«ግማሽ ነው» አለች ፀደንያ።

«ሌላ የለም። ከዛፍ ሥር ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ግማሽ መልስ ነው። በሦስተኛው ቀን ሴቶች ወደ መቃብሩ ሄዱ።» ይህን ብላ አፏን ዘጋች።

እንዲህም ሆነና ያቺ ልጅ ጌታ በመቃብር እንዳለ፣ ሴቶቹም በመንገድ ላይ እንዳሉ፣ ሁሉንም ትታ ወደ ቤቷ ሄደች።

በመዝገቤ ላይ በወለላ ስም ፊት ሁለት ክፍት ቦታ አየሁ። ሁለት እሑድ ማለት ነው። ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ታች ሰፈር ወረድኩ። እናቷ ደጅ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። ወለላ ከበሩ ኋላ ቆማ በስንጥቁ ታየኛለች።

«አባቴ፣ ይግቡ» አለች እናቷ። ወንበር የለም። ጀሪካን ገልብጣ ሰጠችኝ።

«ልጅቷ ታመመች?» አልኳት።

«አልታመመች። ከእናንተ ዘንድ መጥታ ሦስት ቀን አለቀሰች እንጂ።»

«ማን ነካት?»

«ማንም አልነካት። ኢየሱስ ሞተ ብላ ነው የምታለቅሰው። ደግ ነበር፣ በሽተኛ ይፈውስ ነበር፣ ገደሉት አለችኝ። ከዚያስ ብላት፣ ሴቶች ወደ መቃብሩ ሄዱ አለች። እሺ ከዚያስ ብላት፣ ለቀሪው አልከፈልኩም አለችኝ።»

«ለቀሪው ምን?»

«አልከፈልኩም። አራት ጣሳ ተኩል ሰጥታችኋለች። ሁለት ተኩል ይቀርባታል።» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አባቴ፣ አልዋሽዎትም፤ እኛ ድሆች ነን። የእናንተ አምላክ ዋጋው እንዲህ ከሆነ ይቅርብን። ልጄ ያለ ጫማ ናት።»

ልጆች፣ በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ ተሰርቄ አውቃለሁ። ተጭበርብሬ አውቃለሁ። እንደዚያች ቀን ግን ደሜ ፈልቶ አያውቅም። በአዳኛችን ስም የደሃ ልጅ ቃርሚያ ተወሰደ። ይባስ ብሎ ትንሣኤው ተይዞባት ቀረ።

«ወለላ፣ ነይ ውጪ» አልኳት።

ወጣች። ጭቃ የነካው እግሯን በሌላው እግሯ ሸፈነች።

«ሴቶቹ ወደ መቃብሩ ሲሄዱ፣ መቃብሩ ባዶ ነበር» አልኳት። «የለም። ተነሥቷል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ማን አስነሣው?»

«እግዚአብሔር።»

«ተመልሶ ሞተ?»

«አልሞተም። ዛሬም ሕያው ነው። ከዚያ ወዲያ ሞት አያገኘውም።»

ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ በቃል አልነግራችሁም። ከዚያ ግን እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በዝግታ፣ «ይሄ ስንት ነው?» አለችኝ።

ወደ መሬት አየሁ። ከዚያ፣ «ምንም» አልኳት። «ሌሎቹንም ስሚ። እሱ ወደ ሰማይ ሲሄድ ብቻችንን አልተወንም፤ መንፈስ ቅዱስን ሰጠን። ስንፈራ የሚያጸናን፣ ስንሳሳት የሚወቅሰን እሱ ነው። ስድስተኛው ይህ ነው። ሰባተኛው፣ ሰው የሚድነው በኢየሱስ በማመን ነው። ኃጢአቱን ትቶ ወደ እሱ ለመጣ ሰው እግዚአብሔር ይቅርታን እንዲሁ ይሰጠዋል።»

እናቷ ጎደሬውን ረስታዋለች። «ይህን ሁሉ በነጻ ነው የሚሉት?»

«ለእኛ በነጻ ነው እህቴ። ተከፍሎበታል፤ የከፈለው ግን እሱ ነው።»

«እና የልጄ ቡና?»

«እሱን እኔ እጠይቃለሁ።»

በመንገዴ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አቶ ይትባረክን ከሁለት ሰዎች ጋር አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። አንደኛው ሣቀ። አቶ ይትባረክም ፈገግ ብለው፣ «ይቅርታ ጋሽ ተረፈ፤ ግን ነጋዴ ነው የሚወጣት» አሉኝ።

«እኔም ነጋዴ ነኝ» አልኳቸው። «አርባ ዓመት ነግጃለሁ። ያልገዛሁትን ሸጬ አላውቅም። ልጅህ የሸጠችው ያልገዛችውን ነው። አንተ ደግሞ ትስቃለህ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። የሣቀውም ሰውዬ ኮፍያውን አስተካከለ። ልጆች፣ ትልልቅ ሰዎች በእንዲህ ያለ ነገር ሲስቁ ብታዩ አብራችሁ አትሳቁ።

ፀደንያን አቮካዶው ሥር አስቀመጥኳት። አልመታኋትም፤ ድምፄንም አላነሣሁም። ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት።

«እነዚህን ሰባት መልሶች ስንት ከፍለሽ ተማርሽ?»

ገባት። ጉንጮቿ ቀሉ። ግን ብልህ ናትና መልስ አላጣችም። «ጋሼ፣ አዲስ ሰው መግቢያ ይከፍል የለ? እኛ ስምንት ዓመት ነው።»

«ለእድር አዎ። ድንኳኑን እኛ ገዛነው። መስቀሉንስ የገዛሽው አንቺ ነሽ?»

በጣቷ አፈሩን ትጭር ጀመር።

«ከጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ዓመት አዋጥቶ ነበር?»

«ምንም» አለች በቀስታ።

«ስንት እሑድ መጣ?»

«አንድም።»

«ስንት ጥቅስ በቃሉ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«ጌታ ምን አለው ታዲያ? ግማሽ ጣሳ ነው ብሎ መለሰው?»

ፀደንያ አለቀሰች። «ዛር... ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ አለው» ብላ ቃሏ ተሰበረ። መልሱን ከጥንት ጀምሮ ታውቀው ነበር። ኮከብ ያገኘችበት ነው። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው።

«ወለላ ኢየሱስ አልተነሣም ብላ ሦስት ቀን አልቅሳለች» አልኳት።

ከዚህ ወዲያ እኔ መናገር አላስፈለገኝም። ለቅሶዋ ሌላ ሆነ።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ያን ምሽት በእሷ ብቻ አልነበረም የተናደድኩት። በእኔ ስም ስትናገር ወለላ ለምን አመነቻት? ጋሽ ተረፈ ሁሉን ነገር እንደሚቆጥር ከተማው ስለሚያውቅ ነው። የእግዚአብሔርን ቃል በኮከብ እየከፈልኩ ያስተማርኩት ማን ነው? እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ከግድግዳው ነቀልኩት።

በማግስቱ ፀደንያ የወለላን ቡና ከጓሯቸው ከቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ አወረደች። ደርቆ አንሷል፤ ግን ፍሬው ሁሉ አለ። በጆንያ አሰረችው። ከጎኑ ደግሞ የራሷን ዛፍ ቡና ሙሉውን ጨመረች።

«ይሄ የልብስሽ አይደለም እንዴ?» አሏት አባቷ።

«ጣሳውን አጋጭ ነበር፣ አባዬ። አራቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ። ስንት እንደወሰድኩ አላውቅም።»

አቶ ይትባረክ ጆንያውን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። «ከባድ ነው፤ አብሬሽ እወርዳለሁ» አሉ።

ወለላ ቤት ደጅ ላይ ደረሱ። በቃሏ ሁለት መቶ ጥቅስ የምታውቅ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሦስት ጊዜ ጀመረች።

«መግቢያ የለውም» አለች በመጨረሻ። «ዋሽቼሽ ነው። ጋሽ ተረፈም አያውቁም ነበር። እግዚአብሔርም አልጠየቀሽም። ይቅር በይኝ።»

ወለላ ጆንያውን አየች፣ እሷን አየች። «ሦስቱን ጋሽ ተረፈ በነጻ ነገሩኝ» አለች።

«እሱንም ነገሩኝ።»

«ከአንቺ የተሻለ ይናገራሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ጣሳ አያጋጩም።»

ፀደንያ አንገቷን ደፋች። ወለላ ያን ጊዜ ሣቀች። «ነይ ግቢ። ዝናብ ሊመጣ ነው። ይቅር ለማለት መግቢያ አላስከፍልም።»

እናቷ ከውስጥ ሰምታ ሣቀች። አቶ ይትባረክ ግን አልሣቁም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቋት።

ከገና በፊት ባለው እሑድ ወለላ በአዲስ ቦት ጫማ ጉባኤው ፊት ቆመች። ስድስቱን በደንብ መለሰች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከፍ ስላለ ኋላ የተቀመጡ ሰዎች ቀና አሉ። ሰባተኛውን እኔው ጠየቅኋት። «ሰው የሚድነው በምንድን ነው?»

ያጠናችውን አልተናገረችም። አማርኛዋን ለቅማ ለቅማ፣ «በኢየሱስ ነው። እሱ ከፍሏል። እኔ መጣሁ ብቻ» አለች።

በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ጎደሬ ስትልጥ የተቆረጠ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላለች። መልሱን ስትሰማ ጫማዋን ጠርጋ ገባች፤ ከኋላ ወንበር ላይም ተቀመጠች።

ለገና ፀደንያ ያምናውን ልብስ ለብሳ ዘመረች። እጅጌው አጥሯል። ከወለላ ጎን ነበረች፤ አንዲት የመዝሙር ወረቀት ለሁለት ይዘዋል።

እንግዲህ እንቁጠረው። ፀደንያ አራት ጣሳ ተኩል መለሰች፤ የአንድ ዛፍ ቡናም ከእጇ ወጣ። አንድ አዲስ ልብስ ቀረባት። ንጹሕ ልብና አንድ ጓደኛ አገኘች። ወለላ አሥራ አንድ ቀን ለቀመች፣ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ ቦት ጫማ፣ በጉባኤው የተቀመጠች እናትና ሕያው ጌታ አገኘች። እኔ አንድ ሰሌዳ ከነኮከቡ አጣሁ፤ አልቆጨኝም። ፀደንያ ያን ቀን፣ ጋሽ ተረፈ የማይቆጥሩት ነገር አለ እንዴ ብላ ነበር። አሁን አለ። ከላይ የተሰጠንን አልቆጥረውም፤ ዋጋው ከእኔ ሒሳብ በላይ ነው።

ልጆች፣ እግዚአብሔር በልጁ በኩል ለእናንተ እንዲሁ የሰጠውን፣ ትናንት ለመጣውም ዛሬ ለሚመጣውም እንዲሁ ስጡ።